የአሻንጉሊቷ ጀርባ

(መገናኛ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ የልብስ ገበያ ሕንፃ ውስጥ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፤ የሆቴል ስልክ ኦፕሬተር የሆነችው የሠላሳ አራት ዓመቷ የሺመቤትና አሥራ ሁለተኛን ገና የጨረሰችው የእህቷ ልጅ ትርሲት ደረጃው ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

የሺመቤት፦ በቃኝ ትርሲ። ሰባት ሱቅ ጠየቅን፣ ሰባቱም የለንም አሉ። ልመለስና ስልኬን ላንሳ።

ትርሲት፦ ሰባት አልጠየቅንም። ሁለት ነው የጠየቅነው። አምስቱ ጋ አንቺ ነሽ ከበር የተመለስሽው።

የሺመቤት፦ ምን አልኳቸው እኔ?

ትርሲት፦ አንገትሽን ብቻ ታስገቢና «በኔ ልክ የላችሁም አይደል?» እንደዚህ ተብሎ ልብስ ይጠየቃል? ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተለጥጣ ስልኳን እየነካካች ነው። «አዎ የለንም» ከማለት ሌላ ምን ታድርግ? መልሱን አኝከሽ ሰጠሻት እኮ።

የሺመቤት፦ ጊዜ እንዳይባክን ነው።

ትርሲት፦ ጊዜ እንዳይባክን ከሆነማ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በር በር እያየን ምን ያዞረናል? ነይ ውጪ። ደረጃውን ነው የምልሽ፣ ውጪ።

የሺመቤት፦ ላይ ያሉት ደሞ የባሱ ናቸው። እዛ የሚሸጡት ለክብሪት እንጨት ነው።

ትርሲት፦ ገብተሽ ታውቂያለሽ?

የሺመቤት፦ ከታች ይታያል።

ትርሲት፦ የሺዬ፣ በናትሽ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳ መቀበያው ጋ መቆም አለብሽ። አሥራ አንድ ዓመት ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ «ይጠብቁኝ ላገናኝዎት» ስትዪ ኖረሽ፣ ስንት ጊዜ ጠይቀሽ፣ በስንት ልመና ነው ያገኘሽው። ሥራ አስኪያጇ ምን አለችሽ? ዩኒፎርሙ ካልሆነሽ ቀለሙን የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ኮት ፈልጊ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ካላገኘሽ ቤዛን አቆማለሁ። አላለችም?

የሺመቤት፦ ቤዛ ትቁም። ቤዛ ቆንጆ ልጅ ናት። ገና በሩን ስትገፊው ነው የምትታይሽ።

ትርሲት፦ አንቺ ከአስፋልቱ ማዶ ነው የምትታዪው።

የሺመቤት፦ ሰደብሽኝ?

ትርሲት፦ አመሰገንኩሽ። ቤዛ እኮ ስልክ ስታነሳ «ሄሎ ማን ልበል» ብላ ነው የምትደነግጠው። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። አንቺ በአራት ቋንቋ ሰው ታረጋጊያለሽ። በይ ይሄ ሱቅ ክፍት ነው፣ እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ አንቺ አፍሽን ያዢ።

የሺመቤት፦ የኮቱ ትከሻ ጠባብ ነው። ከዚህ አየሁት።

ትርሲት፦ አፍሽን ያዢ አልኩ። የኔ እህት፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት በሷ ልክ አለሽ? ... ይኸው አለ። አለ አላልኩሽም? ለሁሉም ሰው ይሆናል አለች። ፍሪ ሳይዝ።

የሺመቤት፦ ለሁሉም ሰው የሚሆን ጃንጥላ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ግቢና ሞክሪው። መጋረጃውን እኔ እይዝልሻለሁ።

የሺመቤት፦ እሺ። ዘወር በይ።

ትርሲት፦ ዞሬያለሁ። ለበስሽው?

የሺመቤት፦ ግማሹን።

ትርሲት፦ ግማሹን ማለት?

የሺመቤት፦ ግራ እጄ ገብቷል። ቀኙ ገና እየተደራደረ ነው።

ትርሲት፦ ልግባ ላግዝሽ?

የሺመቤት፦ የት ነው የምትገቢው? እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ አልገባሁም። መጋረጃውን ብቻ ሳብ አድርጊው፣ ያ ሰውዬ ያየኛል።

ትርሲት፦ አያይሽም፣ ጫማ እየለካ ነው።

የሺመቤት፦ ልጅቷ ምን አለችሽ አሁን? ስትስቅ ሰማኋት።

ትርሲት፦ በስልኳ ነው የምትስቀው። «ይለጠጣል በያት» ነው ያለችው።

የሺመቤት፦ ኮቱ ነው ወይስ እኔ?

ትርሲት፦ አልጠየቅኳትም።

የሺመቤት፦ ትርሲ።

ትርሲት፦ አቤት።

የሺመቤት፦ አልወጣም አለኝ።

ትርሲት፦ ምኑ?

የሺመቤት፦ ኮቱ ነዋ። ክንዴ ላይ ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም።

ትርሲት፦ ተንፍሺ።

የሺመቤት፦ ብተነፍስ ይተረተራል።

ትርሲት፦ እሺ አትተንፍሺ። እጅሽን ወደ ላይ። እንደ ሕፃን፣ ወደ ላይ። ልሳበው። አንድ፣ ሁለት...

የሺመቤት፦ ጆሮዬን ነው የያዝሽው።

ትርሲት፦ ይቅርታ። በቃ ወጣ። አየሽ? ምንም አልሆነም። ጸጉርሽን አስተካክዪ።

የሺመቤት፦ ልጅቷን አትዪያት። ቀጥ ብለሽ ውጪ። እንዳታዪያት።

ትርሲት፦ ወጣን እኮ። ከኋላችን ግን ምን እንዳለች ሰምተሻል?

የሺመቤት፦ አልሰማሁም።

ትርሲት፦ ሰምተሻል፣ እርምጃሽ ፈጠነ።

የሺመቤት፦ «የእናቶች ልብስ ምድር ቤት አለ።» ሰምቻለሁ። ደስ አለሽ?

ትርሲት፦ ታዲያ እንሂዳ። አለ ካለች አለ ነው።

የሺመቤት፦ እኔ እናት ነኝ?

ትርሲት፦ ለኔ ነሽ። ዛሬ ደሞ ለሱቁ ትሆኛለሽ። ውረጂ፣ ሊፍቱ አይሠራም።

የሺመቤት፦ ውፍረትንና እናትነትን አንድ ሱቅ ውስጥ የቆለፈባቸውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ጥሩ ነበር። ከሠላሳ ስድስት ቁጥር ካለፍሽ በቃ፣ ልጅሽን ዳሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አበባ ያለበት ልበሺ።

ትርሲት፦ እያወራሽ ውረጂ። ስንት ሰዓት ነው?

የሺመቤት፦ አምስት ተኩል። አይ፣ ሃያ ጉዳይ።

ትርሲት፦ ይሄ ነው ሱቁ። ዋው።

የሺመቤት፦ ምን ዋው?

ትርሲት፦ አበባ ያለበት አላልሽም? አበባው ብቻ አይደለም። ቢራቢሮም አለ።

የሺመቤት፦ ትርሲ፣ ያ ኮት አዝራሩ የበር እጀታ ያክላል። ወርቃማ ነው ደሞ። ያንን ለብሼ ብቆም እንግዳው ቁልፍ ሳይሆን ቡራኬ ነው የሚጠይቀኝ።

ትርሲት፦ ቆይ ጥቁር ሰማያዊ ካለ ልጠይቅ... አለ አለች። ግን ከትከሻው ላይ ዳንቴል ይወርዳል።

የሺመቤት፦ እንዴት ነው የሚወርደው?

ትርሲት፦ እንደ መጋረጃ።

የሺመቤት፦ እንሂድ።

ትርሲት፦ ዳንቴሉን ብንቆርጠውስ?

የሺመቤት፦ ሴትዮዋ ለምንድን ነው እንደዛ ፈገግ የምትልልኝ? ምን አልሻት?

ትርሲት፦ ምንም።

የሺመቤት፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ እናቴ ናት፣ ልትድረኝ ነው አልኳት። ቶሎ እንድታስተናግደን ነው።

የሺመቤት፦ አንቺን? በአሥራ ስምንት ዓመትሽ?

ትርሲት፦ «ልጅቷ ለጋ ናት፣ እግዜር ይባርክ» አለች። እኔ ምን ላድርግ? ጥያቄ አበዛች፣ ሙሽራው የት ነው የሚሠራው ምናምን። መንገድ ግንባታ ነው አልኩ።

የሺመቤት፦ ውጪ ከዚህ። ውጪ ሳልስቅ።

ትርሲት፦ ሳቂ። ከጠዋት ጀምሮ ፊትሽ ተኮማትሮ ነው የዋለው።

የሺመቤት፦ አዲሱን ቦታ ላጣ ነው ትስቂያለሽ?

ትርሲት፦ አታጪም አልኩሽ። መግቢያው ጋ ውጪና ደረጃው ላይ ቁጭ በይ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ላስብ።

የሺመቤት፦ ሰው ይረግጠናል።

ትርሲት፦ ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ። እሺ። አንደኛ፣ ልብስ ሰፊ።

የሺመቤት፦ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ለኮት ሁለት ሳምንት ይላል። ሁለት ሳምንቱ ደሞ ወር ነው።

ትርሲት፦ መርካቶ ሰልባጅ ተራ። ፈረንጅ ለብሶ የተወው ትልልቅ ኮት ሞልቷል። አንቺ እራስሽ ሁልጊዜ ከዛ አይደለም የምትገዢው?

የሺመቤት፦ እንዴት አወቅሽ?

ትርሲት፦ ባለፈው ኪስሽ ውስጥ የውጪ አገር የሱፐርማርኬት ደረሰኝ አገኘሁ።

የሺመቤት፦ ኪሴን ምን አስፈተሸሽ?

ትርሲት፦ ማስቲካ ፍለጋ። መርካቶ እንሂድ ወይ?

የሺመቤት፦ በዚህ ሰዓት መንገዱ ቆሟል። ደርሰን ሳንመለስ ማታ ይሆናል።

ትርሲት፦ እሺ ሦስተኛ፣ ቴሌግራም። አንዲት ልጅ አውቃለሁ፣ ለወፍራም ብቻ ነው የምታመጣው፣ ስታይሏ ደሞ አሪፍ ነው። በሞተር ታደርሳለች። ቀለሙን በፎቶ መላክ አለብን። ያንን ዩኒፎርም ይዘሽዋል?

የሺመቤት፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ተዪው ግን።

ትርሲት፦ ለምን እተወዋለሁ?

የሺመቤት፦ ተጨማድዷል።

ትርሲት፦ ቀለሙን ነው የምፈልገው እንጂ ልተኩሰው አይደለም። ስጪኝ።

የሺመቤት፦ ትርሲ፣ ተዪው።

ትርሲት፦ ያዝኩት። ምን ሆነሽ ነው... ቆይ።

የሺመቤት፦ ምን ቆይ?

ትርሲት፦ አንገቱ ላይ ስምሽ ተሰፍቷል።

የሺመቤት፦ የሁሉም ላይ ይሰፋል።

ትርሲት፦ «የሺመቤት። 42።» ሆቴሉ በኔ ልክ የለውም አላልሽኝም? ይሄ እኮ ላንቺ ተብሎ የተሰፋ ነው።

የሺመቤት፦ ተሳስተው ነዋ።

ትርሲት፦ ማን ነው የተሳሳተው?

የሺመቤት፦ ሰፊዎቹ።

ትርሲት፦ ዓይን ዓይኔን እዪና ሰፊዎቹ በዪኝ።

የሺመቤት፦ ሰዓቱ እየሄደ ነው ትርሲት።

ትርሲት፦ ይሂድ። ከጠዋት ጀምሮ ስሮጥ የዋልኩት እኔ ነኝ፣ ተረከዜ ተልጧል። ማን ነው አርባ ሁለት ያላቸው?

የሺመቤት፦ ወረቀቱ የሠራተኛ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ትርሲት፦ የምን ወረቀት?

የሺመቤት፦ የልክ ወረቀት። ለሁሉም አንድ ወረቀት ነው። ስም፣ የኮት ቁጥር፣ ፊርማ። ምሳ ለመቀበል ተሰልፈሽ የሰውን ሁሉ ቁጥር ታነቢያለሽ። ቤዛ፣ ሠላሳ ስድስት። የልብስ ንጽሕናዋ ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት። ጥበቃው እንኳን፣ ያ የሚያክል ሰውዬ፣ አርባ ሁለት። እኔ የደረስኩት ሁሉም ከጻፈ በኋላ ነው።

ትርሲት፦ እና?

የሺመቤት፦ እና አርባ ሁለት ቀድሞ ነበራ። ሰው ጽፎታል። አዲስ ቁጥር አላመጣሁም።

ትርሲት፦ አዲስ ቁጥር አላመጣሁም?

የሺመቤት፦ ከኋላዬ ሦስት ሰው ሳህን ይዞ ቆሞ ነበር። ትከሻዬ ላይ ነው የሚተነፍሱት። አንዱ «ቶሎ ጻፊ የሺ፣ ወጡ አለቀ» ይለኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ትርሲት፦ ሃምሳ።

የሺመቤት፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ትርሲት፦ ሃምሳ እኮ ቁጥር ነው፣ ስድብ አይደለም።

የሺመቤት፦ ላንቺ። በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣ ሰው ሲበተን ተመልሼ ላርመው። ስመለስ ወረቀቱ ሄዷል። አሁን ለሁለተኛው ልብስ ብለው እዛው መልሰው ለጥፈውታል። የሁሉም በእስክሪብቶ ነው፣ የኔ ብቻ በእርሳስ። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ትርሲት፦ እና አታርሚውም?

የሺመቤት፦ ሁልጊዜ ሰው አለ።

ትርሲት፦ የሺዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝም?

የሺመቤት፦ እቆጣለሁ።

ትርሲት፦ ዛሬ ኮቱን ልናገኝ ነው የመጣነው ወይስ ፈልገን አጣን ልንል?

የሺመቤት፦ ድሬዳዋ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። አቶ ጌታሁን። በየወሩ ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት ይደውላሉ፣ እኔ ነኝ የማነሳው። ስድስት ዓመት። ጉልበታቸውን ያመማቸው ቀን አውቃለሁ፣ የልጃቸውን ሰርግ አውቃለሁ። አንድ ቀን ምሳ ሳህኔን ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ አስቆሙኝ። «የኔ እህት፣ የሺመቤት የምትባለዋን ልጅ ታውቂያታለሽ? ዛሬ ሳላያት አልሄድም» አሉኝ።

ትርሲት፦ ኦ። እና ምን አልሻቸው?

የሺመቤት፦ ዛሬ እረፍት ናት።

ትርሲት፦ የሺ።

የሺመቤት፦ ድምፄን ጎርነን አድርጌ ነው። «ቀጭን ልጅ ትመስለኛለች፣ ድምጿ እንደ ወፍ ነው» አሉ። ሐልዋ ይዘውልኝ መጥተው ነበር፣ በካርቶን። «በይ ስጪልኝ» ብለው ለራሴ ሰጡኝ።

ትርሲት፦ ሐልዋውን ምን አደረግሽው?

የሺመቤት፦ በላሁት። ለእሷ የተላከ ነዋ።

ትርሲት፦ አታስቂኝ፣ ላለቅስ ነው።

የሺመቤት፦ አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይወርዳል። ገባሽ አሁን? እዛ ስቆም ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ባጅ አለ። ቢመጡ «እረፍት ናት» አልልም። ሁሉም ሰው ድምፄን ይዞ ይመጣል፣ ከዛ ያየኛል።

ትርሲት፦ ያየሻላ። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው እረፍት ላይ ያለችው ይቺ ልጅ። አይበቃትም?

የሺመቤት፦ አንቺ አይገባሽም። አንቺ የምትለብሺው ሁሉ ይሰፋሻል፣ ከኋላ መቆንጠጫ ነው የሚያስፈልግሽ።

ትርሲት፦ መቆንጠጫ...

የሺመቤት፦ ምን አፈጠጥሽ? ምን አለ እዛ?

ትርሲት፦ ቀጥ ብለሽ እዪ። ደረጃው ስር፣ ያ መስታወቱ። መጀመሪያ ያለፍነው ሱቅ አይደል?

የሺመቤት፦ ነው። ያቺ ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሰች አሻንጉሊት ያለችበት። ወገቧ አንድ መዳፍ የማይሞላው።

ትርሲት፦ ከፊት ነው እሱ። አሁን ከኋላዋ ነን። ጀርባዋን እዪው።

የሺመቤት፦ ምን ተደርድሮባታል? ወፎች ይመስላሉ።

ትርሲት፦ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ነው። ወይኔ እንዴት እንደ ፋራ ረሳሁት። እኔ እኮ ቡቲክ አንድ ወር ከአምስት ቀን ሠርቻለሁ።

የሺመቤት፦ ከዛ አባረሩሽ።

ትርሲት፦ ተለያየን። ስሚኝ አሁን። ዕቃ ሲመጣ ከትንሽ እስከ ትልቅ አብሮ ታስሮ ነው የሚመጣው። ትንሾቹ ይሸጣሉ፣ ትልቁ ይቀራል። ለምን? እንዳንቺ ያሉት ከበር ስለሚመለሱ። ስለዚህ ትልቁን አሻንጉሊቷን ታለብሺያታለሽ። ይሰፋታል፣ ከኋላ ሰብስበሽ ትቆነጥጪዋለሽ፣ ከፊት ቀጭን ሆና ትታያለች። እኔ ነበርኩ የምቆነጥጣት፣ በየጠዋቱ።

የሺመቤት፦ ማለት ያ ኮት...

ትርሲት፦ የሱቁ ትልቁ ኮት ነው። እኛ ደሞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ፊት ፊቱን እያየን ነው የምንሸሸው። ጫማሽን አድርጊ። ተነሺ፣ ተነሺ።

የሺመቤት፦ ቆይ እግሬ አብጧል፣ አልገባም አለ።

ትርሲት፦ ረግጠሽው ነይ። እኔ ቀድሜ ልያዘው።

የሺመቤት፦ ትርሲ፣ ሰው ገፋሽ፣ ቀስ በይ... ይቅርታ የኔ እናት፣ ልጅ ናት... ትርሲ።

ትርሲት፦ ደረስሽ? ጠየቅኳት። የአሻንጉሊቷን ነው የምንፈልገው አልኩ፣ ደነገጠች። «ያንን ማንም ጠይቆ አያውቅም» አለች። እያወለቀቻት ነው። ቁጠሪ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

የሺመቤት፦ ስንት ነው በመጨረሻ?

ትርሲት፦ ዘጠኝ። ዘጠኝ መቆንጠጫ። ምስኪን፣ ራቁቷን ስትቀር እዪአት፣ እንደኔ ናት። እንኪ፣ ልበሺው። እዚሁ፣ መስታወቱ ፊት።

የሺመቤት፦ መጋረጃ ያለበት የላቸውም?

ትርሲት፦ ኮት ነው እኮ፣ ከላይ ነው የሚደረበው። ግራ እጅሽን። ጎሽ። ቀኝ።

የሺመቤት፦ ገባ።

ትርሲት፦ አዎ ገባ። አዝራሩን።

የሺመቤት፦ አንቺ ቆልፊው።

ትርሲት፦ አንድ። ሁለት። ሦስተኛውም። ተንፍሺ እስቲ።

የሺመቤት፦ ተነፈስኩ።

ትርሲት፦ በደንብ ተንፍሺ።

የሺመቤት፦ በደንብ ነው።

ትርሲት፦ አልተተረተረም። ዙሪ። የሺዬ፣ ወገብ አለሽ እኮ። የት ደብቀሽው ነው?

የሺመቤት፦ ዝም በይ። ቁጥሩ ስንት ነው? በጆሮዬ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ ታውቂዋለሽ።

የሺመቤት፦ ቀለሙ ግን ትንሽ ይለያል።

ትርሲት፦ ዩኒፎርሙን ልያዘው፣ ይኸው ጎን ለጎን። የቱ ጋ ነው የሚለየው?

የሺመቤት፦ በመብራት ነው ተመሳሳይ የሚመስለው።

ትርሲት፦ ሆቴሉም መብራት አለው።

የሺመቤት፦ እጅጌው ይረዝማል።

ትርሲት፦ ወደ ውስጥ አጥፌ በሁለት መርፌ እይዘዋለሁ። ሌላስ?

የሺመቤት፦ አዝራሩ...

ትርሲት፦ አዝራሩ ጥቁር ነው፣ የሆቴሉም ጥቁር ነው። ሌላስ? ንገሪኝ፣ ዛሬ ሁሉንም ጨርሺው።

የሺመቤት፦ ስልኬ እየጠራ ነው።

ትርሲት፦ ማን ናት?

የሺመቤት፦ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ሥራ አስኪያጇ። ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም፣ ለምን አሁን ደወለች?

ትርሲት፦ አንሺዋ።

የሺመቤት፦ ቤዛን አዘጋጅታ ይሆናል። ትርሲ፣ አላገኘሁም ብላት እኮ ምንም አትለኝም። ሰኞ ክፍሌ ገብቼ ስልኬን አነሳለሁ፣ በቃ፣ ማንም አይቀየምም።

ትርሲት፦ እንደፈለግሽ። እኔ እነዚህን መቆንጠጫዎች ሰብስቤ ለልጅቷ ልመልስላት።

የሺመቤት፦ ምንም አትዪኝም?

ትርሲት፦ ምን ልበልሽ? አላገኘሁም በያት። ግን ድምፅሽን ጎርነን አታድርጊ። አቶ ጌታሁን በሚያውቁት ድምፅ በያት። ሊዘጋ ነው።

የሺመቤት፦ አቤት፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ። ... አዎ፣ ገበያ ላይ ነኝ። ... አግኝቻለሁ፣ ለብሼዋለሁም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቆማለሁ። ... አንድ ነገር ላስቸግርዎት፣ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል፣ ምግብ ቤት ነዎት? ... እንግዲያው ግድግዳው ላይ ያለውን የልክ ወረቀት ይዩልኝ፣ ስሜ መጨረሻ ላይ ነው። ... አርባ ሁለት የሚለውን ይሰርዙትና ሃምሳ ይበሉልኝ። ... ሃምሳ፣ አዎ፣ አምስት ዜሮ። ... ሰው ቢኖርም ግድ የለም፣ ሰዎቹም ይስሙ። ... አይ፣ በእርሳስ አይሁን። በእስክሪብቶ ይጻፉልኝ።